ምዕራፍ 6፦ የቆርቆሮ ቀትር

ይጁቤ ላይ በሙቀት የሚያማርር ሰው ማግኘት ይቸግራል። እዚያ ሙቀት ማለት ቆላ ነው፤ ወባና ዓባይ ነው። የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ከተማ ራሷ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ነፋስ አይለያትም። መጋቢት ላይ እንኳ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ጋቢውን አያወልቅም። «አገራችን ብርድ ነው» ይላል ሰው፤ ልክ ነው።

ጣራ ላይ የወጣ ሰው ግን ሌላ አገር ሄዷል።

ይህን የተረዳሁት አክስቴ ግቢ፣ መሰላል ሥር ቆሜ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ክረምት ሳይገባ ጣራው እንዲጠረግ፣ አሸንዳው ከባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲጸዳ፣ የላሉት ምስማሮች እንዲመቱና ዝገት የበላቸው ዘጠኝ ቆርቆሮዎች እንዲቀየሩ አናጢ ተጠርቷል። ከእሱ ጋር ቆርቆሮ የሚያቀብል፣ ከወደ ጮቄ ተራራ የመጣ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ አለ። ልጁ አናጢውን «አያ» ይለዋል። ሥራ የጀመሩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ 6 ሰዓት ሲያልፍ ልጁ ከጣራው አናት ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። መዶሻ ሲባል ምስማር ያቀብላል። «ምን ሆንህ?» ሲባል ይስቃል። ደግሞ ሲጠየቅ አናጢውን በሌላ ሰው ስም ጠራው።

በገመድ ወገቡን አስረን፣ አንዱ ከላይ እየያዘ ሌላው ከታች እግሩን መሰላሉ ላይ እያስረገጠ አወረድነው። እግሩ መሬት እንደ ነካ ግቢው በሙሉ አንድ ቃል አወጣ፤ «ምች ነው!» አክስቴ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጎረቤት ጋቢ ይዛ ደረሰች፤ «ይሸፈን፣ ያልበውና ይለቀዋል» አለች። ጋቢውን ከልጁ ላይ ገፍፎ የጣለው አናጢው ነው።

«ውኃ!» አለ። «እትዬ፣ ጀሪካኑን እንዳለ ያምጡልኝ።»

ሸሚዙን አወለቀለት፤ ጥላ ሥር አስተኛው፤ ከአናቱ ጀምሮ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱን በውኃ አራሰው። የአክስቴን ነጠላ ነክሮ ደረቱ ላይ ጣለና በካርቶን ያራግብ ጀመር። ነጠላው ሲሞቅ እንደገና ይነክረዋል። ልጁ እስኪነቃ ድረስ አንዲት ጉንጭ ውኃ እንዲጠጣ አልፈቀደም፤ ራሱን ያላወቀ ሰው ውኃው ወደ ሳንባው ይገባበታልና። ግማሽ ሰዓት ገደማ አልፎ ልጁ «አያ፣ ምን ሆኜ ነው?» ሲል ሁላችንም ተነፈስን።

የት ተምሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ኳታር» አለኝ። ሦስት ዓመት ብረት አስሯል እዚያ።

ምች የሚለውን ቃል ላቆየው እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ቃል ነውና። ፀሐይን እንደ ጠላት፣ በሽታውን እንደ ምት አድርጎ ያያል፤ ይህ እውነትነት አለው። ችግሩ አንዱ ቃል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን መሸከሙ ነው። አንደኛው ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ የሚለው፣ በማግሥቱ ከንፈሩ ዳር ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚወጣበት ሰው ሕመም ነው። የከንፈሩ ቁስል የሚመጣው ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ከሚኖር ቫይረስ ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። ለዚህ ዳማከሴ ቢታሽለት፣ ቢሸተት፣ ጭማቂው በቡና ቢጠጣ የምቀየምበት ምክንያት የለኝም። ዳማከሴ የበሶብላ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሽታው ብቻ እንኳ ሰው ያነቃል። በሁለተኛው ምች ግን ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት መውጫ አጥቶ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አእምሮ ይዛባል፤ ሰውየው ያለ ቦታው ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ጋቢ ደግሞ ያፋጥነዋል።

ለምን እንደሚያፋጥነው ማወቅ ይጠቅማል። በወባ ወይም በጉንፋን ትኩሳት የሰውነት አዛዥ የሆነው የአንጎል ክፍል ሆን ብሎ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበቃው ደግሞ ላብ አስወጥቶ ያወርደዋል። «ያልበውና ይለቀዋል» የሚለው የእናቶቻችን ልምድ የመጣው ከዚያ ነው። ፀሐይ የመታው ሰው ግን ሙቀቱን ማንም አላዘዘውም። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የሚሠራ ጡንቻ ሙቀት ጫኑበት፤ ማውረጃው መንገድ ሞላ። እሱን በጋቢ መጠቅለል እሳት ላይ የተጣደ ድስት መክደን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከፀሐይ አውጣ፣ አውልቅ፣ አርጥብ፣ አራግብ፤ ይህን እያደረግህ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ደግሞ መሰላል ከመቆሙ በፊት መያዝ ነው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ የሚወስደው መንገድ አጭር ቢመስልም ያለ ውኃ ከተጓዙት ረጅም ነው፤ ማቀዝቀዙ መኪናው ውስጥም ይቀጥላል።

ግን እንዴት በብርድ አገር?

የደብረ ማርቆስ የመጋቢት የቀን ከፍተኛ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ነጭ ሣጥን ነው። አናጢ ደግሞ ሣጥን ውስጥ አይሠራም። ጥርት ባለ ሰማይ ቀትር ላይ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1000 ዋት ይጠጋል። ቁጥሩ ምንም ስሜት ለማይሰጠው ሰው በምጣድ ላስረዳ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ እያንዳንዱ 4 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ቀትር ላይ የሚቀበለው ኃይል አንድ ምጣድ ከሚበላው ጋር ይቀራረባል። የአክስቴ ጣራ 60 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አሥራ አምስት ምጣድ ተጥዶ መሐላቸው ተቀምጦ ምስማር መምታት በሉት።

ሁሉም ኃይል ሙቀት አይሆንም፤ አዲስ ቆርቆሮ ከፊሉን መልሶ ይረጨዋል። ወዴት? ወደ ሠራተኛው ፊት። ባርኔጣ የሚከልለው ከላይ የሚመጣውን ነው፤ አገጭና አፍንጫ ሥር፣ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ከሥር የተረጨ ብርሃን ባርኔጣ አያውቀውም። የዛገ ቆርቆሮ ደግሞ ብርሃኑን አያንጸባርቅም፣ ይጠጣዋል፤ ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ማለፍ አይከብደውም። ብረት ከ55 ዲግሪ በላይ ከጋለ ባዶ እጅ ለ10 ሰከንድ ያህል ቢያርፍበት ለመቃጠል ይበቃዋል። ጣራ ጠራጊ ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ በእጁ ነው። ሲያንሸራትተው መዳፉን ያሳርፋል፤ ሲያቃጥለው ያነሣል፤ ያነሣ ጊዜ ይወድቃል። የእጅ ጓንት እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ሰማዩ ነው። በየ1000 ሜትር ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይጁቤ ላይ የቆመ ሰው ባሕር ጠረፍ ከቆመው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የበዛ ጨረር ይቀበላል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን አይሰማውም። በዚያ ላይ ይጁቤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናቷ ላይ ታልፋለች። አንዱ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ያኔ ደመናው ይከልለናል። ሌላው ሚያዝያ 8 ቀን አካባቢ ነው፤ ያኔ ምንም የሚከልለን የለም። ሰው የራሱን ጥላ እግሩ ሥር ይረግጠዋል። የጣራ ሥራ የሚበዛበት ሰሞንም ያው ነው።

ላብም ያታልላል። ዓባይ በረሃ ወርዶ የሠራ ሰው ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ሲጣበቅ ያያል፤ ደጋ ላይ ግን አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ የማያቋርጥ ስለሆነ ላቡ ገና ከመውጣቱ ይተናል። ጠንክሮ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል፤ አንድም ጠብታ ሳያይ። ማስረጃው የሚገኘው ማታ ነው፤ ጥቁር ሸሚዝ ላይ ነጭ የጨው ካርታ ተሥሎ። ሽንቱ እንደ ጠጅ የቀላ ሰው ቀኑን ሙሉ በዕዳ ሲሠራ ውሏል ማለት ነው። 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው 1.2 ሊትር ውኃ ሲጎድል፣ ማለትም ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማሰብና መወሰን መዛል ይጀምራል። መሬት ላይ ቢሆን ቁጭ ብሎ ያርፍ ነበር። ጣራ ላይ ግን የሚቀድመው ማዞሩ ነው፤ ገዳዩም የውስጥ ሙቀቱ 40 ከመድረሱ በፊት ያገኘው መሬት ነው። በሙቀት የሞተ ጣራ ሠሪ ብዙ ጊዜ «ወድቆ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል።

ወደ ሣር ቤቱ ዘመን ልመለስና አንድ ነገር ላንሳ። ሣር ጣራ እጅ አያቃጥልም። ከዚያ በላይ ግን ሣሩ የሚታጨደው ክረምት አልፎ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ ክዳኑም ቀዝቃዛውን ወር ይዞ ነበር የሚሠራው። ቆርቆሮ ሁልጊዜ ገበያ ላይ አለ፤ ወቅት አይጠብቅም። ስለዚህ ሰው እህሉን ሸጦ ብር ሲይዝና ክረምቱ ሲያስፈራራው ነው ጣራውን ቀና ብሎ የሚያየው፤ ያ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው፣ የዓመቱ ጠራራ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ከቤታችን ጋር የሥራ ወቅታችንም ተቀየረ፤ ሁለተኛውን ያስተዋልነው አይመስለኝም።

ወቅቱ ደግሞ አጭር ነው። በጎጃም ገጠር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ እያለ የሚቆጠረው በዓል፣ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተደምሮ፣ መዶሻ የሚነሣበትን ቀን ቁጥር ያሳንሰዋል። በዓል ማክበሩን አልተቃወምኩም፤ ያለ በዓል ያ ልጅ ዕረፍት የሚባል ነገር አያገኝም ነበር። ግን የቀረችውን ቀን ለማብቃቃት ሰው ቀትሯን ይሠራባታል። ዋጋው ደግሞ በቁርጥ ነው። «በዚህን ያህል ብር ጨርስልኝ» የተባለ አናጢ ዕረፍቱ ከኪሱ እንደሚወጣ ያውቃል። በቀን የሚከፈለው ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ቢያርፍ የሚከስረው አሠሪው ነው፤ በቁርጥ የያዘው ግን ራሱ። በኔ እምነት ከጓንትም ከባርኔጣም በፊት መነጋገር ያለብን ስለዚህ ውል ነው፤ መሰላሉን ስንት ሰዓት መውጣትና መውረድ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳው ያስገድዳል። አክስቴ ግን በአዋጁ ዓይን አሠሪ መሆኗ ያጠራጥራል፤ በራሱ ሙያና ኃላፊነት ሥራ በቁርጥ የያዘ ሰው በአዋጁ ውስጥ አይጠቃለልምና። የልጁ አሠሪ ማን ነው ታዲያ? ራሱ አናጢው። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኔም አሠሪ ሆንኩ በል!» አለ። ከዚያ ፊቱ ጠቆር አለ።

ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው ደንብ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ማንም ሰው ሜዳ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ከሰኔ ወር መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና ጨረርን አንድ ላይ የሚያነብ መሣሪያም አለ፤ 32.1 ሲያልፍ ሰዓቱ ምንም ቢሆን ሥራ ይቆማል። ሳዑዲ ዓረቢያም በበጋዋ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሥራ ትከለክላለች። ደንቡ የወጣው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህን አናጢው ከኔ በተሻለ ያውቀዋል። ግን ሰዓቱ ለይጁቤ ጣራም ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ምክንያቱም በሙቀት ባንገናኝም በፀሐይ እንገናኛለን። የእጅ ሰዓታችን የሚሞላው ለመላ አገሪቱ፣ ከይጁቤ በስተምሥራቅ በሚያልፍ የኬንትሮስ መስመር ስለሆነ እዚያ እውነተኛው ቀትር 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። «6 ሰዓት አለፈ፣ በረደ» የሚል ሰው ስለዚህ ይሳሳታል። ገና መድረሱ ነው። ቆርቆሮና አየሩ ደግሞ ከቀትር በኋላም ለሰዓታት እንደጋሉ ይቆያሉ።

ታዲያ ጎህ ሲቀድ መውጣት አይሻልም? ይህን የሚል ሰው ጤዛ ላይ አልወጣም። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ላብ ያለበት ይመስል ይረጥባል። አቧራና ጤዛ ሲገናኙ ደግሞ ሳሙና ይሆናሉ። ብርዱ ሰዓት አንሸራታች፣ ደረቁ ሰዓት አቃጣይ ነው፤ የሙያው ብልኃት በሁለቱ መሐል ያለችውን ጠባብ ሰዓት መያዝ ነው። የአናጢው ልማድ መዳፉን ፀሐይ መጀመሪያ በሚነካው ጎን ላይ አሳርፎ፣ ደርቆ እንደሆነ አይቶ መውጣት ነው፤ መጋቢት ላይ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ከዚያ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት ሙሉ ሥራ አለ። ምሥራቁን ጎን ጠዋት ከሠራ ፀሐይ ፊቱን ስለምትመታው፣ በመጀመሪያ የሚደርቀውን ጎን ጠርጎ ቶሎ ወደ ምዕራቡ ጥላ ይሻገራል። ጭቅጭቁ ከሰዓት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲበርድ ሰማዩ ይጠቁራል። የመጋቢትና የሚያዝያ ነጎድጓድ የጎጃም ሰው የሚፈራው ነገር ነው፤ መብረቅ ሲመጣ ብረት ላይ ቆሞ የሚገኝ ሰው ባይኖር ይሻላል።

ፆሙን ሳላነሣ ባልፍ ዋናው ነገር ይቀርብኛል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። አጥባቂው እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ያ ልጅ በዚያ ቀን ከማታ ጀምሮ አንድ ጉንጭ አልጠጣም ነበር። ጣራው፣ ቀትሩና ጥሙ በአንድ ወር ይገጥማሉ፤ ፀሐይ አናት ላይ የምታልፈውም ያኔ ነው። የሙቀት ሥራ መመሪያዎች በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ ሊትር ያህል፣ ጠጡ ይላሉ፤ በሰዓት ከሊትር ተኩል ሳይበልጥ። ይህን ምክር ለፆመኛ ማንበብ ለሰካራም ወንጌል ከማንበብ አይሻልም። የተሻለው መንገድ ፆሙን ሳይነኩ ሰዓቱን መንካት ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ የወረደ ሰው ቀትሩን ጥላ ሥር ያሳልፋል፤ 9 ሰዓት ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሰማዩ ከፈቀደ 10 ሰዓት ላይ ይወጣል። ሌሊቱን ደግሞ አብዝቶ ይጠጣል። ያመመው ወይም ገና ያልለመደው ወጣት የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ ነፍስ አባት ሥራውን ካወቁ መላ አያጡለትም። ቀድሞ መጠየቅ ከጣራ ላይ በገመድ ከመውረድ ይቀላል።

ምን ይጠጣ? ጠላ አይደለም። ጠላ ጥም የቆረጠ መስሎ ውኃውን በሽንት ያስወጣል፤ ሚዛንም ያሳጣል። የኛ አገር ጥሩው መጠጥ ከድሮ ጀምሮ መንገደኛ በስልቻ የሚይዘው ነው፦ በሶ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ ጨው ጣል ሲደረግበት፣ ላብ የወሰደውን ውኃና ጨው ይመልሳል፤ ጉልበትም ይጨምራል፤ የፆምም ነው። የተልባ ብጥብጥም እንደዚያው። በቤት ለሚያዘጋጅ ሌላው ቀመር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ዘመድ። ጨው ማብዛት ግን ይጎዳል፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ መሆን የለበትም።

ልጁን ለምን ቀድሞ እንደመታው ሌላም ምክንያት አለ። በሦስተኛ ቀኑ ላይ ነበር። ሰውነት ሙቀት መልመድ ይችላል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ ልብ ይረጋጋል። አሜሪካ ውስጥ በሙቀት ከሞቱ የሜዳ ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሆኑት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ የሞቱ ናቸው። ስለዚህ እዚያ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሥራው አንድ አምስተኛ ብቻ በሙቀት እንዲሠራ፣ በየቀኑ አንድ አምስተኛ እንዲጨመርለት ይመከራል። ከጮቄ ግርጌ ብርድ የለመደ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ ሙሉ ቀን ቆርቆሮ ላይ ዋለ። ይህ ነገር የይጁቤን አናጢዎች ሌላ ቦታም ይመለከታል፤ በቆላው ቀበሌ ጣራ ሊሠሩ ወደ ዓባይ ሲወርዱ። በየ1000 ሜትር መውረድ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ይጨመራል፤ ላቡም እንደ ደጋው አይተንም። ሰኞ ወርዶ ማክሰኞ መጨረስ የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ሲቆርጥ ሁለት ቀን መጨመር አለበት።

መሣሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ነጭ ወይም ገርጣ ያለ የጥጥ ሸሚዝ፣ እጅጌው ረጅም፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ከአንገት ሥር የሚታሰር። የፕላስቲክ ጫማ ቆርቆሮው ላይ ይለሰልስና ይንሸራተታል፤ ሸራ ጫማ ይሻላል፤ የጎማ በረባሶም ቢሆን ከፕላስቲኩ ይሻላል። ገመድ ጣራውን ተሻግሮ በዚያ ወገን ካለ ጠንካራ ግንድ ወይም ምሰሶ ጋር ይታሰር፤ ከአሸንዳ ጋር ማሰር አብሮ ለመውረድ ነው። 35 ጌጅ የሚባለው ስስ ቆርቆሮ መሐሉ ሲረገጥ ይጎብጣል፤ የምስማሩን መስመር ተከትሎ፣ ሞራሌው ያለበትን መርገጥ ነው። ከምሰሶ ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ገመድ ልብሱ ተልጦ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ቀድሞ ይታይ። ላብ ያለበት እጅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል።

ቆርቆሮ ራሱ ከሙቀቱ ያመልጣል ብሎ ማሰብም ሞኝነት ነው። ባለ 2 ሜትሩ ከንጋት ብርድ እስከ ቀትር ግለት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ማታ ይሰበሰባል። በየቀኑ ይህን ሲያደርግ የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ያፈሳል። ቀትር ላይ የምንሰማው ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ እሱ ነው። አዲስ ሰው ጣራ ላይ ሆኖ ይህን ሲሰማ የተሰበረ መስሎት ይደነግጣል፤ ልጁም ደንግጦ ነበር።

በማግሥቱ ዳግመኛ ተደራደርን። አክስቴ ቁርጡን ትታ በቀን ለመክፈል ተስማማች፤ «በቀን ብሎ ሳምንት እንዳያደርስብኝ» እያለች። ልጁ ጣራ ሳይወጣ አሸንዳውን ከመሰላል ላይ ሆኖ ጠረገ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ አንድ የልጆች ኳስ አወጣ። ለክረምቱ ውኃ ወደ ሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ አጠበ። አናጢው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ወጣ፤ አክስቴ በየመሐሉ ቀና እያለች ፀሐይዋን ታያለች። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ቆርቆሮ ቀርቶት ወረደ። «እትዬ፣ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ» አለ።

9 ሰዓት ላይ በሶ ተበጠበጠ። ልጁ ሁለት ጣሳ ጠጣ። ከዚያ በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። አናጢው ቀና ብሎ አየ፣ መሰላሉን ዝቅ አድርጎ ታዛው ሥር አስተኛው፤ ሦስቱ ቆርቆሮዎች ግድግዳውን ተደግፈው ለነገ አደሩ።